ለባለቤቴ የገዛሁት ማዳመጫ

ባለቤቴ መስማት ያቆመው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ የጠፋበት የወፍ ድምፅ ነው። ቀጥሎ ስልክ ጠፋበት፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ እየጮኸ እሱ መንገዱን ይቀጥላል። ከዚያ የሴት ድምፅ ጠፋበት። ቀጭን ድምፅ ቀድሞ እንደሚሄድ ሐኪም የነገረኝ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማየው፣ ወንዶች ሲያናግሩት ሲመልስ፣ እኔ ስጠራው ግን ዝም ሲል ነው። ቆይቶ የወንዶቹም ጠፋ።

ዕድሜውን የጨረሰው ኮምባይነር ላይ ነው። መጀመሪያ በመንግሥት እርሻ፣ በኋላም ለግለሰቦች፣ ከኢተያ ጀምሮ ስንዴ ባለበት ሁሉ ሲያጭድ ኖረ። የድሮው ኮምባይነር እንደ አሁኑ በመስታወት የተዘጋ ቤት የለውም። የሚነዳው ሰው የሚቀመጠው ሞተሩ አጠገብ ነው፤ እብቁም ጩኸቱም የእሱ ድርሻ ነው። ጆሮው ውስጥ ጥጥ ይወትፍ ነበር። ለእግሩ ቦት ጫማ ሰጥተውታል፣ ለገላው ቱታ ሰጥተውታል፤ ለጆሮው ያሰበ ሰው የለም። አንድ ጊዜ ማሽኑን ሊሞክር የመጣ የውጭ አገር ሰው ሁለቱም ጆሮው ላይ እንደ ድስት ክዳን ያለ ነገር አድርጎ እንደዋለ ነግሮኛል። ሰውየው ሥራውን ሲጨርስ ክዳኑን ሻንጣው ውስጥ ከትቶ ሄደ።

«አንተስ ለምን አልጠየቅከውም?» ብዬ ስጠይቀው፣

«እሱ እንግዳ ነው፣ አልለመደውም። እኔ እኮ ለምጄዋለሁ» አለኝ።

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንድ ቀን የዋለው ሰውዬ ጆሮው ተሸፍኖ፣ ዕድሜ ልኩን የዋለው ሰው በጥጥ።

ከሰማይ በታች ያለውን ሁሉ የምናወራ ሰዎች ነበርን። ቁም ነገር አይደለም። ማን በመንገድ አለፈ፣ የማን ገብስ ቀድሞ ደረሰ፣ ቀበሌው ምን አለ፣ የጎረቤት ላም ስንት ሰዓት ገባች። እሱ ሰው ሲያወራ መኮረጅ ይችልበታል፤ የእርሻውን ኃላፊ አረማመድና አነጋገር ሲያሳየኝ ሆዴን ይዤ ነበር የምስቀው። መስማት ሲያቆም ወሬውም ቆመ። የቀረን እጅ ነው። ለውኃ እጅ አለን፣ ለጨው አለን፣ ለብላ፣ ለና፣ ለተኛ አለን። እኔ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ እሱ ያን ጊዜ እርሻ ላይ ስለነበር አልቆጠረም። ስለዚህ ጽፌ ላሳየው አልችልም። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከሁለት አንዳችን ሳንሞት እንደገና እንድናወራ።

ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች፣ ገና ልጅ የሆነች ነርስ በመብራት ጆሮውን አየችለት።

«እማማ፣ ጆሯቸው ንጹሕ ነው። ዕድሜም አለ፣ ሥራቸውም አለ። ማዳመጫ ቢገዙላቸው ይሻላል» አለችኝ።

«ምን ዓይነት ማዳመጫ?»

«የጆሮ ማዳመጫ ነዋ። ትንሽ ውድ ነው። ከገዙ ግን ርካሹን እንዳይገዙ፣ ገንዘብዎን ነው የሚበሉት።»

ሌላ በሽተኛ ገባ፤ ወጣን።

የጆሮ ማዳመጫ። የሰማሁት ይህንን ነው፤ ያለችውም ይህንኑ ነው። እሷም አልዋሸችም፣ እኔም አላጣመምኩም። ከዚያ በቀጥታ ወደ ገበያው መንገድ ወረድኩ። ስልክና የስልክ ዕቃ የሚሸጥበት አንድ ሱቅ አለ፤ መስታወቱ ላይ በትልቁ «ማዳመጫ አለ» ይላል። ያነበብኩት ራሴ ነኝ። ማንበብ ባልችል ኖሮ ሰው እጠይቅ ነበር፤ አልጠየቅኩም።

ባለ ሱቁ ጎልማሳ ነው፣ ንጹሕ ጃኬት የለበሰ፣ ትሑት።

«ማዳመጫ ፈልጌ ነበር፤ ጥሩውን» አልኩት።

«ለማን ነው እማማ?»

«ለባለቤቴ።»

«አባባ ዘመናዊ ናቸዋ» ብሎ ሳቀ። «ኮፒውን ነው ኦሪጅናሉን?»

«ርካሹን አትግዢ ተብያለሁ።»

ከመደርደሪያው ላይ ጥቁር ሣጥን አወረደ። ውስጡ እንደ ሕፃን ትራስ የለሰለሰ፣ ሁለቱንም ጆሮ የሚከድን፣ ሽቦ የሌለው ነገር አለ። ጭንቅላቴ ላይ አደረገልኝ። ውጭ የባጃጁ ጩኸት ነበር፣ ከማዶ የወፍጮ ቤቱ ነበር፣ ሁሉም ጠፋ። ቀጥሎ አንድ ሰው ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ መዝፈን ጀመረ። ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማኛል። ዘፈኑ ከስልኩ እንደሚመጣ አላወቅኩም። እኔ ያሰብኩት፣ ይህን ያህል አጥርቶ የሚያሰማ ከሆነ ለደንቆሮም ይሆናል ብዬ ነው።

ዋጋውን ሲነግረኝ ሌላ ሰው የሚያናግር መስሎኝ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም አልነበረም።

«ለዚህች?» አልኩት።

«እማማ፣ የዚህ ጥራት ሌላ ነው። የገዛው ሰው ተመልሶ አመስግኖኝ ነው የሚሄደው።»

የምትወልድ ጊደር ነበረችን። ቤታችን ከከተማው ዳር ስለሆነ ግቢው ሁለት ከብት ይይዛል። ጊደሯን ሸጥኳት። ባለቤቴ ስትነዳ አይቶ በእጁ «ወዴት?» አለኝ። ጆሮዬን ነክቼ፣ ከዚያ የእሱን ነካሁ። ገብቶት ይሁን አይሁን እንጃ፣ አንገቱን ነቀነቀ።

ያደረግኩለት ቀን ልጅ ሆነ ብል ማጋነን አይደለም። ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱ ቆሜ ስሙን ጠራሁት፣ ፈገግ አለ። በሬውን አስገባን አልኩት፣ አንገቱን ነቀነቀ። እንባዬ መጣ። ጎረቤቴ ልታይ መጥታ፣

«አሁንስ ፓይለት መሰሉ። በሉ አሳፍሩን» አለች።

እሱም እጁን አንስቶ ሰላምታ ሰጣት። በሳምንቱ ሠፈሩ ሁሉ ሰማ። እየጠየቁኝ ዋጋውን ስነግራቸው አንዳንዶቹ ያፏጫሉ። አንዱ አዛውንት «ሰው ካደመጠበት አያጸጽትም» አለኝ፤ እኔም በኩራት «አያጸጽትም» አልኩ።

ከጠዋት እስከ ማታ አያወልቀውም ነበር። እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይነቀንቃል። ያጠራቀምኩትን ሁሉ ተናገርኩ፤ ስንት ዓመት የቀረውን ወሬ። ማን እንደታረቀ፣ ማን እንደከሰሰ፣ የትኛው ልጅ እንደማይደውል። እሱ «እሺ» ይላል፤ «ልክ ነው» ይላል። ግን አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ሰው ወሬ ሲሰማ «ከዚያስ?» ይላል። እሱ «ከዚያስ» አላለም። አንድ ጠዋት ልቤ ጠረጠረ። ጀርባዬን ሰጥቼው ሳህን እያጠብኩ ባናግረው ምንም አልመለሰም። ፊቴን አዙሬ እየሳቅኩ፣

«ጎረቤታችን በሬህን ሰርቆ ሸጠው» አልኩት።

«ደግ አደረገ» አለኝ፤ እሱም እየሳቀ።

ሳህኑን አስቀመጥኩ። ሌላ ነገር አልሞከርኩም። መሣሪያውን ገና ስላልለመደው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ነርሷ ያለችው ነው፣ ውድ ነው፣ ይሠራል። ያን ያህል ያወጣሁበት ነገር አይሠራም ብሎ ማመን ቀላል አይደለም።

የልጄ ልጅ አቦምሳ ከተማ ታስተምራለች። እኔ ስላሳደግኳት እማዬ ነው የምትለኝ። ለዕረፍት መጣችና በሩ ላይ እንዳየችው ሳቀች።

«አባባ ምን እያዳመጠ ነው? ዘፈን አብዝቷል።»

«እኛን ነዋ የሚያዳምጠው። ነርሷ ያዘዘችለት ማዳመጫ ነው።»

ሳቋን እዚያው ላይ አቆመች። ከጭንቅላቱ ላይ ቀስ ብላ አነሳችው፣ አገላብጣ አየችው።

«እማዬ፣ ነርሷ ያለችሽ ይሄንን አይደለም። የመስሚያ መሣሪያ ነው ያለችሽ፤ ከጆሮ ኋላ የሚንጠለጠል ትንሽዬ ነገር። ይሄ ሙዚቃ መስሚያ ነው።»

«ማዳመጫ ነው ያለችኝ።»

«ሁለቱም ማዳመጫ ይባላሉ።»

«ቢሆንስ፣ ይህም ያሰማ የለም?»

ልጅቷ ልትነግረኝ አልፈለገችም። አስገደድኳት።

«እማዬ፣ የዚህ ዓይነቱ ውድ የሆነው የውጭ ድምፅ እንዳያስገባ ስለተሠራ ነው። ሰው አውቶቡስ ላይ ሆኖ ጩኸት እንዳይሰማ ይገዛዋል። አባባ ጥቂት የሚሰማው ነገር ቢኖር እንኳ ይሄ ይዘጋበታል።»

ተቀምጬ ነበር፤ ተነሣሁ፤ መልሼ ተቀመጥኩ። ጊደሬን የሸጥኩት የባሌን ጆሮ ለመክደን ነው። ርካሹን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ርካሹ ድምፅ ያስገባል አለችኝ።

ባለቤቴ ሁለታችንን ተራ በተራ አየ። ልጅቷ ማዳመጫውን ይዛ በእጇ «ይሰማሃል?» አለችው። እሱ ወደ እኔ ዞረ። መጀመሪያ እንደ ልማዱ ሊነቀንቅ ነበር። ፊቴን ሲያይ ተወው።

«ሞተሩ ብቻ ነው» አለ። ድምፁን መመጠን ስለማይችል ጮኾ ነው የተናገረው።

«የምን ሞተር?» አልኩት በእጄ።

ጆሮው ውስጥ ኮምባይነሩ ቆሞ አያውቅም ለካ። ሥራውን ከተወ ስንት ዘመን አለፈ፤ ሞተሩ ግን እዚያው ነው። ውጭ ትንሽ ትንሽ ድምፅ ሲገባለት ይቀንስለታል። ማዳመጫውን ሲያደርግ ሁሉም ነገር ይዘጋና ሞተሩ ብቻ ይቀራል፣ ይብስበታል። ይህንን ሁሉ ሳይቆጣ ነገረን። ታዲያ ለምን አላወለቅከውም ብላ ልጅቷ በምልክት ጠየቀችው።

«እሷ ደስ አላት» አለ።

በማግስቱ ዕቃውን በሣጥኑ አድርጌ ወደ ሱቁ ሄድኩ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ከማዳመጫው ጽሑፍ ሥር ተለጥፏል። ያን ቀን አላነበብኩትም ነበር።

«ማሎ እማማ፣ እባክዎ፣ ምን ላድርግ?» አለኝ ባለ ሱቁ። «ማዳመጫ አሉኝ፣ ማዳመጫ ሰጠሁ። የሚሻለውን አሉኝ፣ የሚሻለውን ሰጠሁ።»

«ለማን ነው ብለህ ስትጠይቀኝ ለባለቤቴ አላልኩህም?»

«ብለዋል።»

«የእኔ ዕድሜ ሴት ባሏ ስንት ዓመቱ ይመስልሃል? ጭንቅላቱ ላይ ሰክቶ የሚጨፍር ይመስልሃል?»

«እማማ፣ አባባ ደንቆሮ ናቸው አላሉኝም።»

እውነቱን ነው። አላልኩትም። ያልኩት እንደሆነ ባለቤቴ የሚያፍር መስሎኝ ነው ያላልኩት፤ እሱ እዚያ ባይኖርም። ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ያዩናል። እኔ ግን አልሄድኩም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ደንበኛ ገባ፣ ደንበኛ ወጣ፤ ተቀምጫለሁ። በመጨረሻ ባለ ሱቁ አጎንብሶ በዝቅተኛ ድምፅ፣

«እሺ፣ ለእርስዎ ስል ልውሰደው። ትንሽ ብቻ እቀንሳለሁ። ሣጥኑ አልተጎዳም፤ ላስቲኩን መልሼ አሽጌ አወጣዋለሁ» አለኝ።

«እንደ አዲስ?»

«ማን ያውቃል እማማ?»

ትራሱን በጣቴ ዳሰስኩት። የባለቤቴ ላብ ነበረበት፤ ስንት ሳምንት ሞተር ሲሰማበት የዋለ ነገር ነው። ሌላ ሴት መጥታ ይህንን በአዲስ ዋጋ ልትገዛ ነው፤ ባለ ሱቁ «ኦሪጅናል ነው» ሊላት ነው።

«አሮጌ ነው ብለህ ሽጠው» አልኩት።

«እንደዚያማ ግማሹንም አያወጣ። ታዲያ ከየት አምጥቼ ነው የምከፍልዎት?»

ሣጥኑን አንስቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ራሴን ሰደብኩ። የልጄ ልጅም ቤት ስደርስ ተቆጣችኝ፤ «የማታውቂው ሰው ቢታለል ባይታለል አንቺን ምን አገባሽ፤ ላንቺ ያዘነልሽ አለ?» አለችኝ። የለም። ልክ ናት። ግን ለእኔ ስላላዘኑልኝ ሌላውን ልግፈፍ?

ስለ ዕቃው እውነቱን ልናገር። ሰዎች አሁንም ይጠይቁኛል፤ በተለይ ልጆቻቸው ግዙልን ያሏቸው ወላጆች። እንደዚያ ያለ ዋጋ ያወጣል ወይ ይሉኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ ወፍጮ ቤቱ ሲጮህ እኔው ራሴ አድርጌ ሞክሬዋለሁ። ያለውን ያደርጋል። ወፍጮው ጠፋ፣ ባጃጁ ጠፋ፣ ዶሮዎቹ ጠፉ። ለሚሰማ ሰው፣ ጩኸት ለሰለቸው ሰው፣ ገንዘብ ከተረፈው፣ ይግዛ። ዕቃው አልዋሸም። እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ይህ ነገር ያስፈልግ የነበረው ኮምባይነር ላይ ነው። የዚያን ጊዜ አንድ ሰው ይህንን እዚያ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ቢያደርግለት ኖሮ፣ የስንት ጊደር ዋጋ ቢሆንም ርካሽ ነበር። አሁን የሚገዛው ግን ካፌ ተቀምጦ ማኪያቶ የሚጠጣው ነው። ኮምባይነር ላይ ያለው ዛሬም ጥጥ ነው የሚወትፈው።

ያን ከሰዓት እንደዚያ ሆኜ እያሰብኩ አንድ እጅ ትከሻዬን ነካኝ። ባለቤቴ ነው። አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ግን የለም። ስንት ጊዜ እንደጠራኝ አላውቅም። ፊቱ ላይ እንደዚያ ያለ ፍርሃት አይቼ አላውቅም። ቶሎ ብዬ ሳወልቀው የሰማሁት፣

«አንቺም?» ሲል ነው።

የልጄ ልጅ ከመመለሷ በፊት አዳማ ያለ የጆሮ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አስያዘችልን፤ የሚከፈለውንም ከደመወዟ ከፈለች። ትክክለኛውን ማዳመጫ ሊለኩለት ነው ብዬ ጋቢውን አጥቤ ወሰድኩት። በመስታወት በተዘጋ ክፍል አስቀመጡት፤ ጆሮው ላይ ያደረጉለት ነገር እኔ ከገዛሁት ጋር አንድ ዓይነት ነበር ማለት ይቻላል። ድምፅ ስትሰማ እጅህን አንሣ ብለው በምልክት አሳዩት። በመስታወቱ እያየሁት ነው። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ትምህርት ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ያህል ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ወደ እኔ ቀና አለና ከፊቴ ላይ መልሱን ፈለገ። ከዚያ እጁን አነሣ። የምትፈትነው ልጅ ወደ ሐኪሙ ዞራ፣

«ምንም አልላክኩም» አለች።

ሐኪሙ ለብቻዬ ጠራኝ። ጨዋ ሰው ነው።

«እናቴ፣ የሚሰማው ነርቭ ራሱ ሞቷል። መሣሪያ ድምፅ ያጎላል እንጂ የሞተ ነርቭ አያስነሣም። ገንዘብ አያውጡበት።»

«ቀድሞ ቢመጣስ ኖሮ?»

«ቀድሞ ቢሆን ጥሩ ነበር።»

«ውዱስ? ከሁሉ ውዱ?»

«ውዱም አይረዳቸውም። ሞተር ይሰማኛል የሚሉትም በዚያው ነው፤ ይለምዱታል።»

ለምዶታል፣ አልኩ በልቤ። የለመደው ነው የጨረሰው።

ወደ አሰላ፣ ወደ ቤታችን የሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ገባን፣ በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኩት። ዴራን አለፍን። ሽቅብ መውጣት ስንጀምር፣ አየሩ መቀዝቀዝ ሲጀምር፣ ጋቢውን ሰብስቦ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አለ ሐኪሙ?» አለ።

ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ዞረ። እሱ ድምፁ ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም። ሾፌሩ የከፈተውን ሙዚቃ ቀነሰው፤ ሁሉም መልሴን ይጠብቃል። እኔ በሕይወቴ ሰው አልዋሸሁም ብል ውሸት ይሆናል፤ እሱን ግን ዋሽቼው አላውቅም። እጁን ይዤ፣ ፊቴን ወደ ፊቱ አድርጌ፣ አንድ በአንድ ነገርኩት። ነርቭህ ሞቷል አልኩት። የትኛውም ማዳመጫ አይረዳህም አልኩት። ከእንግዲህ ድምፄን አትሰማም አልኩት። ከፊት ያለችው ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሚኒባሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማኝ።

እሱ ከንፈሬን እያየ እስክጨርስ ጠበቀ።

«እህ» አለ። «ለመቼ ቀጠረን?»

ለነርቭ እጅ የለንም። ለመሞት አለን፤ ያንን ባሳየው ማን ሞተ ብሎ ይደነግጣል። ለመቼም የለንም። የተናገርኩትን ሁሉ በእጅ ለማድረግ ሞከርኩ፤ ጆሮዬን ነካሁ፣ መዳፌን ገለበጥኩ፣ መልሼ ጆሮዬን ነካሁ። ግንባሩን ቋጥሮ ተከተለኝ። አልገባውም። ሰዉም እያየን ነው።

በስተመጨረሻ እጄን ወደ ፊት፣ ወደ መንገዱ፣ ራቅ አድርጌ ወረወርኩ። በኋላ ማለት ነው በእኛ ቤት፤ ገና ነው ማለት ነው።

ይህ ወዲያው ገባው። ራሱን ነቀነቀና ስንዴውን ለማየት ወደ መስኮቱ ዞረ።